የአለማመንን ታሪክ ለማሳተም በቁም የተደረገ ስብሰባ

የማያምኑ ሰዎች የንባብ ማኅበር
የኅትመት ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ የወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ
ዓመት፦ አከራካሪ (አጀንዳ 1ን ይመልከቱ)
ቦታ፦ ማተሚያ ቤቱ፣ ፎቅ ላይ ያለው የወረቀት መጋዘን። የማተሚያ ማሽኑ ከወለሉ ሥር ነው። ሲሠራ ወለሉም ጠረጴዛውም የተሰብሳቢው ጥርስም ስለሚንቀጠቀጥ ለስብሰባው ሲባል እንዲቆም ተደርጓል።
ሰዓት፦ ዘጠኝ ተብሎ ተጠርቶ ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦
1. የጥርስ ሐኪሙ፣ ሰብሳቢ
2. "ማስረጃ"፣ ምክትል ሰብሳቢ። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው "ዛሬ ይበርዳል" ላላቸው ሰው ሁሉ "በምን ይረጋገጣል?" የሚል መልስ በመስጠታቸው ነው።
3. አታሚው፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት
4. የመብራት ሠራተኛው፣ የአታሚው የሚስት ወንድም
5. ልብስ ሰፊዋ
6. ይህን ቃለ ጉባኤ የያዘው ጸሐፊ

በፈቃድ የቀሩ፦ መምህሩ። የማኅበሩ መሥራች፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ። ታመው ተኝተዋል።

ሳይጠሩ የተገኙ፦ የመምህሩ ባለቤት (ከአጀንዳ 4 አጋማሽ ጀምሮ)

ምልዓተ ጉባኤ፦ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 4 መሠረት ከሰባቱ አባላት አምስቱ "በወንበር ላይ ተቀምጠው" ሲገኙ ነው። ይህ ቃል ደንቡ ውስጥ የገባው አንዳንድ አባላት በሩ ላይ ቆመው "አለሁ፣ ቁጠሩኝ" ብለው ወደ ጉዳያቸው ስለሚሄዱ ነበር። በዕለቱ ስድስት አባላት ተቀምጠው ታይተዋል።

መክፈቻ

ሰብሳቢው የተያዙትን ወንበሮች በጣታቸው ከቆጠሩ በኋላ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬስ ሞላን!" ብለው ስብሰባውን ከፍተዋል።

ምክትል ሰብሳቢው ወዲያውኑ አንቀጽ 9ን ጠቅሰዋል። አንቀጹ "በስብሰባ ላይ ፈጣሪን በስም የጠራ፣ ያመሰገነ፣ የለመነ ወይም በእርሱ የማለ አባል ስብሰባው እስኪያልቅ ይቆማል" ይላል። ሰብሳቢው ቃሉ ከአፋቸው ያመለጠ መሆኑን፣ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው አፍ ሲመለከቱ ስለሚውሉ የራሳቸውን ለመጠበቅ ጊዜ እንዳላገኙ አስረድተዋል። ማብራሪያው ተመዝግቦ ቆመዋል። ስብሰባውንም ከዚያ በኋላ በቁም መርተዋል።

ሰብሳቢው የስብሰባውን አስቸኳይነት እንደሚከተለው ገልጸዋል። መምህሩ ለሠላሳ አንድ ዓመት የደከሙበት፣ ከጥንት እስከ ዛሬ "አላምንም" ያሉ ሰዎችን ታሪክ የሚተርከው ባለ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ መጽሐፍ ለኅትመት ተዘጋጅቷል። የቀረው የኮሚቴው ፈቃድ ብቻ ነው። አታሚው በበኩላቸው ማሽኑ ዛሬ ከተነሳ መጽሐፉን ሳይጨርስ እንደማይቆም፣ ዛሬ ካልተነሳ ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ለሦስት ወር የግድግዳ ካላንደር እንደሚገባበት አስታውቀዋል። ካላንደሩ የማን እንደሆነ ሲጠየቁ "የእምነት ድርጅት ነው። ምን ላድርግ? እነሱ ቀን ይቆጥራሉ፣ እናንተ ትከራከራላችሁ" ብለዋል።

የመምህሩ ሐኪም ሦስት ወር አልሰጧቸውም። ይህ በአጀንዳ ስላልተያዘ ወደሚቀጥለው ታልፏል።

አጀንዳ 1፦ በሽፋኑ ላይ ስለሚጻፈው ዓመት

ልብስ ሰፊዋ በሽፋኑ ላይ "ዓመተ ምሕረት" የሚል ቃል ማየታቸውን ጠቅሰው፣ ምሕረቱ የማን እንደሆነና ማኅበሩ መቼ እንደተማረ እንዲብራራላቸው ጠይቀዋል። ማብራራት የቻለ አልተገኘም።

የመብራት ሠራተኛው "በስመ አብ! አሁን ደግሞ ዓመቱን ልንቀይረው ነው?" ብለዋል። ምክትል ሰብሳቢው ሳይናገሩ አንቀጽ 9ን በጣታቸው አሳይተዋል። የመብራት ሠራተኛው ይህ መጥራት ሳይሆን መደንገጥ መሆኑን፣ ኤሌክትሪክ ሲይዛቸውም የሚሉት ይህንኑ መሆኑን፣ እስካሁንም አንድም ሽቦ በዚህ ምክንያት አማኝ ናቸው ብሎ የተሻለ እንዳላስተናገዳቸው ተከራክረዋል። አታሚው "አማቼ፣ አርፈህ ቁም፤ ማሽኑ ይጠብቀናል" ብለዋቸው ቆመዋል። ሰዓቱ ዘጠኝ ከአርባ ስምንት ነበር።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዓመቱ ማኅበሩ ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ እንዲቆጠርና ሽፋኑ ላይ "ዓመት 14" ተብሎ እንዲጻፍ ተወስኗል። አታሚው አንባቢው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ይመስለዋል ሲሉ ያቀረቡት ተቃውሞ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ ምዕራፍ አንድ፣ የመጀመሪያው ያላመነ ሰው ማን እንደሆነ

መምህሩ በዚህ ምዕራፍ የሰጡት መልስ "አይታወቅም" የሚል ነው። ኮሚቴው በዚህ አልረካም።

የመብራት ሠራተኛው የመጀመሪያው ሰው መብረቅ ሲወርድ ሌላው ሁሉ በግንባሩ ሲደፋ ብቻውን ቀና ብሎ "ይሄ ነገር ከየት ነው የሚመጣው?" ያለው መሆን እንዳለበት ከሙያቸው ተነስተው አስረድተዋል። ምክትል ሰብሳቢው የሰውየውን ስም፣ ዕድሜና የሁለት ምስክሮች ቃል ጠይቀዋል። ቀና ካለ በኋላ በሕይወት መቆየቱ ራሱ እንዳልተረጋገጠም አክለዋል።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የመጀመሪያው ያላመነ ሰው ሴት ናት ብለዋል። የታመመ ልጇን ታቅፋ ስትለምን ስትለምን ቆይታ አንድ ቀን መለመኗን ያቆመች ሴት። "ማንም አልጻፋትም፤ ለማንም አልተናገረችማ። ተነስታ ልብስ ማጠብ ጀመረች" ብለዋል። ምክትል ሰብሳቢው ዝምታ በማስረጃነት እንደማይያዝ ገልጸዋል። ልብስ ሰፊዋ "እርስዎንስ እግዜር ያሳይዎት!" ካሉ በኋላ ማንም ሳያዛቸው ራሳቸው ተነስተው ቆመዋል።

በሰብሳቢው ትእዛዝ ጸሐፊው ከምዕራፉ ጥቂት አንብቧል። መምህሩ እንደሚሉት በጥንት ጊዜ "አላምንም" ብሎ ራሱን የጠራ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ስሙን የሚያወጣለት ጎረቤቱ ነበር። ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ናት ያለ ሊቅ በዚህ ስም ተከሶ ከከተማው ወጥቷል። ጣዖት የሌላቸው፣ አንድ የማይታይ አምላክ ብቻ የሚያመልኩ ሰዎች ሳይቀሩ "አምላክ የለሾች" ተብለው ተከሰዋል። ስለ እነዚህ ሰዎች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከከሳሾቻቸው ነው።

ምክትል ሰብሳቢው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በርቶ "እንግዲህ መዝገብ ቤት ባይኖር ኖሮ አለማመንም ባልኖረ ነበር" ብለዋል። ይህ አስተያየት በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርላቸው ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ሰፍሯል።

የመብራት ሠራተኛው አምላክ የለሽ ተብለው በሐሰት የተከሰሱት አማኞች በሙሉ የማኅበሩ የክብር አባላት እንዲሆኑ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው ሰዎቹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ በመሆናቸው ከእንግዲህ ምልዓተ ጉባኤ እንደማይሞላ አስጠንቅቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ የክብር አባል እንዲሆኑ፣ ከሞቱ በመቆየታቸውም በፈቃድ እንደቀሩ እንዲቆጠሩ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ምዕራፍ አሥራ ሁለት፣ ስለ ገጠሩ ቄስ

ምዕራፉ የሚተርከው በሩቅ አገር በአንዲት ትንሽ መንደር ለአርባ ዓመት ያህል ስላገለገሉ ቄስ ነው። ሰውየው ሲሞቱ ወፍራም ጽሑፍ ትተው ተገኝተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ካስተማሩት አንዱንም አለማመናቸውን ጽፈው፣ ምእመናኑን ይቅርታ ጠይቀውበታል።

ምክትል ሰብሳቢው የቄሱን መካተት ተቃውመዋል። አርባ ዓመት የጸለየ አፍ በአንድ ወረቀት እንደማይሻር፣ ልብን የመረመረ አካል እንደሌለና በመዝገብ የተያዘው አፉ ብቻ መሆኑን አስረድተዋል። አታሚው ሰውየው ጎረቤቶቻቸውን ላለማሳዘን ብለው ይሆናል በማለት ተከራክረው፣ "እኔስ ካላንደር አትም የለ?" ሲሉ ጠይቀዋል።

በዚህ መካከል ምክትል ሰብሳቢው ከወረቀቱ አቧራ የተነሳ አስነጥሰዋል። አታሚው "ይማርዎት" ብለዋል። ማን ይማራቸው ተብለው ሲጠየቁ "እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሚምር ካለ ይማራቸው" ብለው መልሰዋል። ስም ያልጠሩ ቢሆንም ነገሩ የሚያጠራጥር በመሆኑ አታሚው በግማሽ እንዲቆሙ ተወስኗል። አፈጻጸሙ ከወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ጉልበት እንደታጠፈ ሆኗል።

ከረጅም ውይይት በኋላ "በአፉ የጸለየ ሰው፣ በልቡ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ ከመጽሐፉ ይውጣ" የሚለው ሐሳብ በአራት ድምፅ ለሁለት ጸድቋል። ልብስ ሰፊዋ የደገፉበትን ምክንያት ሲያስረዱ "የእኔ ሴትዮ ካልገባች ማንም አይግባ" ብለዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ምክትል ሰብሳቢው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው የሚከተለውን አሰምተዋል። ባለፈው ወር በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በመምህሩ መስኮት ሥር ሲያልፉ መምህሩ የጸሎት መጽሐፍ ጮክ ብለው ሲያነቡ በጆሯቸው ሰምተዋል። በሰዓቱ እዚያ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ዳቦ ሊገዙ መሆኑን ገልጸዋል። ዳቦ ቤቱ በተቃራኒው በኩል ነው ሲባሉ "ዞር ዞር ማለት ለጤና ጥሩ ነው" ብለዋል። በምን ይረጋገጣል ተብለው ሲጠየቁ ቅር ብሏቸዋል።

በመቀጠልም ከአጀንዳ 3 ውሳኔ የተነሳ መምህሩ ከራሳቸው መጽሐፍ እንዲወጡ፣ መጽሐፉም ያለ ደራሲ ስለሚቀር ኅትመቱ እንዲቆይ ጠይቀዋል።

አታሚው "ሰውዬው እየሞቱ ነው እኮ! ከሦስት ወር በኋላ ለማን ነው የማሳየው?" ብለዋል። ሰብሳቢው እሳቸውም በመምህሩ እጅ የተማሩ መሆናቸውን፣ ነገር ግን ቄሱን አስወጥቶ መምህሩን ማቆየት አድልዎ እንደሚሆን እያዘኑ አስረድተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ኅትመቱ ላልተወሰነ ጊዜ እንዲቆይ በሦስት ድምፅ ለሁለት ተወስኗል። አንድ ድምፀ ተአቅቦ፦ ጸሐፊው፤ እጁ በመጻፍ ላይ ስለነበር።

ውሳኔው ተጽፎ ሳያልቅ በሩ ተከፍቶ የመምህሩ ባለቤት ገብተዋል። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኗል። በግድግዳው እየተመሩ ብቻቸውን የወጡ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ንግግራቸው "ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ አራተኛው ተሰብሯል። የሰው እግር እስኪሰበር ነው የምትጠብቁት?" የሚል ነበር። አታሚው ይቅርታ ጠይቀዋል። የሰብሳቢው ወንበር ባዶ ስለነበር በእሱ ላይ ተቀምጠዋል።

እሳቸውም ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ፣ ከማተሚያ ቤቱ ትይዩ መሆኑን፣ ከምሳ ጀምሮ መስኮቱን ከፍተው ከባላቸው ጋር ማሽኑ ሲነሳ ለመስማት እየጠበቁ መሆናቸውን ገልጸው "በእግዜር፣ ምን ነካችሁ? 'ሂጂና እይልኝ' አለኝ። እኔን! ሕመሙ እንኳ ቀልዱን አላስተወውም" ብለዋል። አንቀጽ 9 በአባላት ላይ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ እንደተቀመጡ ቀጥለዋል።

ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ከጠረጉ በኋላ ውሳኔውንና ምክንያቱን ነግረዋቸዋል። ምክትል ሰብሳቢው "እትዬ፣ አይዘኑብኝ፤ ባልዎ ይጸልያሉ ወይስ አይጸልዩም?" ሲሉ ጠይቀዋል።

የመምህሩ ባለቤት የሰጡት ቃል፣ በአታሚው ጥያቄ፣ እንዳለ ሰፍሯል፦

"አይጸልይም፤ ያነብልኛል። ዓይኔ ሲጠፋ 'መጽሐፍሽን ማን ያነብልሻል?' አለኝ። 'አንተ አታምንበት' አልኩት። 'አንቺ ማየት አቃተሽ እንጂ እኔ ማንበብ አላቃተኝም' አለ። በቃ፣ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየጠዋቱ። እንደ ጋዜጣ ነው የሚያነበው። የማይዋጥለት ቦታ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል። 'ዝለለው ግድ የለም' ስለው 'የለም፣ የተጻፈ ይነበባል' ይላል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ድምፁ ደከመ። አሁን እኔ በቃሌ የያዝኩትን እላለሁ፣ እሱ ተኝቶ 'አንድ መስመር ዘለልሽ' እያለ ያርመኛል።"

ምክትል ሰብሳቢው "እርስዎስ የሱን መጽሐፍ ያውቁታል?" ብለው ጠይቀዋል። የመምህሩ ባለቤት ሲመልሱ "እየጮኸ ነው እኮ የሚጽፈው! ያን ቄስ፣ የድንጋይዋን ፀሐይ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሁሉንም እግዜር ይማራቸው እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። እሱም ይሰማል፤ አይከለክለኝም" ብለዋል። ከዚያም ዞር ብለው፣ ማን የት እንደቆመ ስለማያዩ ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ ክምር አድርገው፣ የሚከተለውን ተናግረዋል፦

"እሱ የማያምነውን ሃያ ሁለት ዓመት አነበበልኝ። እናንተ የምታምኑበትን አንድ ቀን ማተም አቃታችሁ?"

አታሚው "እግዜር ይቅር ይበለን" ብለው ከግማሽ ወደ ሙሉ መቆም ተሸጋግረዋል። ምክትል ሰብሳቢው "ጥያቄ አለኝ" ብለው እጃቸውን አንስተዋል። ዕድል ሲሰጣቸው ጥያቄ አልነበራቸውም።

ቃለ ጉባኤውን ስለማጽደቅ

ሰብሳቢው፣ ምናልባት ጊዜ ለመግዛት፣ ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት እንዲነበብ አዘዋል። ጸሐፊው "እግዚአብሔር ይመስገን"፣ "በስመ አብ" እና "እግዜር ያሳይዎት" የሚሉትን በየቦታቸው ማንበብ ግዴታው በመሆኑ አንብቧል። ማንበብ መጥራት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አጭር ክርክር ተደርጎ፣ ይህን ጥያቄ በመምህሩ ላይ አንድ ዓይነት፣ በጸሐፊው ላይ ሌላ ዓይነት መመለስ ስለማይቻል ጸሐፊው ቆሟል። ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ የተጣመመው በዚህ ምክንያት ነው።

በንባቡ ወቅት ምክትል ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው በጎን ሲያሰሉ ነበር። ጸሐፊው "ዘጠኝ ከአርባ ስምንት" የሚለው ላይ ሲደርስ "ቆይ፣ መልሰህ አንብበው" ብለዋል። ተነቧል። ሰብሳቢው ሲቆሙ የተቀመጡት አምስት፣ የመብራት ሠራተኛው ሲቆሙ አራት። በአንቀጽ 4 መሠረት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም። የመጀመሪያው ውሳኔ የተላለፈው ከዚያች ደቂቃ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተው ይህ ያመለጣቸው ምክትል ሰብሳቢ "አምላኬ!" ብለው፣ ሌላ ሰው አንቀጽ ሳይጠቅስባቸው ተነስተዋል።

በዚህ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ብዛት አንድ ነበር። እሳቸውም አባል አይደሉም፤ በዚያ ላይ አማኝ ናቸው።

የመምህሩ ባለቤት የሆነው ሲነገራቸው ለረጅም ጊዜ ስቀዋል። ባላቸው አንቀጽ 4ን እና አንቀጽ 9ን በአንድ ቀን እንደጻፏቸው፣ ሲጽፉም ብቻቸውን ሲስቁ እንደሰሟቸው፣ ምን ያስቅሃል ሲሏቸውም "አንድ ቀን ይጠቅመን ይሆናል" እንዳሏቸው አስታውሰዋል። ምክትል ሰብሳቢው ይህ በምን እንደሚረጋገጥ አልጠየቁም።

ሰብሳቢው የሚከተለውን የማጠቃለያ ሐሳብ አቅርበዋል፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ዓመቱ ወደ ነበረበት ይመለስ። የክብር አባላቱ ወደ መቃብራቸው ይመለሱ። ቄሱ ወደ ምዕራፋቸው፣ መምህሩም ወደ መጽሐፋቸው ይግቡ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ይህ ውሳኔ ራሱ ያለ ምልዓተ ጉባኤ የተላለፈ መሆኑን ምክትል ሰብሳቢው ቢያመለክቱም፣ አታሚው "እንዲያ ከሆነ የሚከለክለኝም የለም፣ የሚፈቅድልኝም የለም፤ ማሽኑ የኔ ነው" ብለው ወደ ታች ወርደዋል። አሥራ አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደናቀፉ ተሰምቷል።

የመምህሩ ባለቤት ለመሄድ ሲነሱ፣ መጽሐፉ ቢታተምም የመምህሩ ዓይን እየደከመ፣ የእሳቸውም እንደሚታወቀው በመሆኑ፣ ማን እንደሚያነብላቸው ጠይቀዋል። ምክትል ሰብሳቢው ጠዋት ጠዋት ሥራ እንደሌላቸው አስታውቀዋል።

"እንግዲያው በመስኮቱ ሥር መመላለስህ ካልቀረ ገብተህ ተቀመጥ" ብለዋል የመምህሩ ባለቤት። "መጀመሪያ የእኔን ታነባለህ፣ ከዚያ የሱን። ደግሞ እንዳትዘል፤ ሁለታችንም እናውቅብሃለን።"

ምክትል ሰብሳቢው "በስንት ሰዓት?" ብለዋል። ሰዓቱን ከማንም በተሻለ እንደሚያውቁት ተነግሯቸዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ በምልዓተ ጉባኤ ጉድለት ውሳኔ ማሳለፍ አልተቻለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ማሽኑ ተነስቷል። ወለሉ ስለተንቀጠቀጠ መነጋገር አልተቻለም። የመምህሩ ባለቤት "መስኮቱን እዩልኝ፤ ሰምቷል?" እያሉ ሲጮሁ ምክትል ሰብሳቢው አሻግረው ተመልክተዋል። ከመንገዱ ማዶ፣ በተከፈተው መስኮት፣ ከአልጋው ላይ አንድ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ ታይቷል። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ምክትል ሰብሳቢው በሰዓታቸው ይዘዋል፤ ቁጥሩን ግን ለመናገር ፈቃደኛ አልሆኑም።

መምህሩ ተኝተው እንጂ በወንበር ላይ ተቀምጠው ስላልነበሩ ድምፃቸው አልተቆጠረም።

ፊርማ፦ ሰብሳቢ (በቁም)፣ ምክትል ሰብሳቢ (በቁም፣ በመስኮቱ በኩል)፣ ልብስ ሰፊዋ (በቁም)፣ የመብራት ሠራተኛው (በቁም)፣ አታሚው (ታች ናቸው፤ እጃቸው ቀለም ስለሆነ በአሻራ)፣ ጸሐፊው (በቁም፤ ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ)።